በቤት አኳሪየም ማጣሪያ ላይ የሚጨመር ቁስ፦ ምን ያስተካክላል? ምንስ አያስተካክልም?

በባሕር ዳር አኳሪየም (ዓሣ የሚኖርበት የመስታወት ገንዳ) በቤታቸው ያኖሩ ሰዎች ውኃው ሲደፈርስ፣ ሲሸት ወይም ዓሦቹ ወደ ላይ እየወጡ አየር ሲጎርሱ ሲያዩ፣ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሰሙት ምክር በማጣሪያው ውስጥ ተጨማሪ ቁስ (ስፖንጅ፣ ሴራሚክ፣ ድንጋይና የመሳሰለውን) እንዲከቱ ነው። ምክሩ መሠረት የሌለው አይደለም፤ ተገቢው ቁስ በተገቢው ቦታ ሲገባ ውኃው በእርግጥ ይሻሻላል። ይሁን እንጂ የማጣሪያ ቁስ ተብለው የሚሸጡት ነገሮች ሥራቸው የተለያየ ስለሆነ፣ የጎደለው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ የሚጨመር ቁስ ገንዘብ ከማባከኑም በላይ የውኃውን ፍሰት አንቆ ቀድሞ በደኅና ይሠራ የነበረውን ማጣሪያ ሊያዳክመው ይችላል።

ነገሩን ለመረዳት ከዓሣው መነሣት ይሻላል። ዓሣ የበላውን ፕሮቲን ሲያፈርስ የሚያስወግደው ዋናው ቆሻሻ አሞኒያ ሲሆን፣ አብዛኛውም የሚወጣው በሚተነፍስበት አካል በስንጥቡ በኩል በቀጥታ ወደ ውኃው ነው። ተርፎ የበሰበሰ ምግብና ዐይነ ምድርም የኋላ ኋላ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ በዓይን አይታይም፤ ስለዚህም መስታወት የመሰለ ጥርት ያለ ውኃ ዓሣ ሊገድል ይችላል፣ ቡናማ ቀለም ያለው ውኃ ደግሞ ለዓሣ ፍጹም ጤናማ ሊሆን ይችላል። በውኃ ውስጥ አሞኒያ በሁለት መልክ ይገኛል፤ አንደኛው አሞኒየም የሚባለው ብዙም የማይጎዳ መልኩ ሲሆን፣ ሁለተኛው ስንጥብን የሚያቃጥለው መርዛማው ነው። የሁለቱን ድርሻ በዋናነት የሚወስነው የውኃው ፒኤች (የአሲዳማነት ልኬት፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል አሲዳማነቱ ይቀንሳል) ነው፦ በ25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ፒኤች 7 በሆነ ውኃ ውስጥ ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛማው ከ1 በመቶ ያንሳል፤ ፒኤቹ 8 ሲሆን ወደ 5 በመቶ፣ 8.5 ሲሆን ደግሞ ወደ 15 በመቶ ይደርሳል።

ይህን አሞኒያ የሚያስወግዱልን ባክቴሪያዎች ናቸው። ናይትሮሶሞናስን የመሰሉት አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ ናይትራይትም የዓሣውን ደም ኦክስጅን የመሸከም ዐቅም ስለሚያሳጣው ራሱ መርዝ ነው። ናይትሮስፓይራን የመሰሉት ደግሞ ናይትራይቱን ተቀብለው ከሁለቱ በጣም ያነሰ ጉዳት ወዳለው ወደ ናይትሬት ያሻግሩታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በብዛት የሚኖሩት በውኃው ውስጥ እየተንሳፈፉ ሳይሆን በስፖንጅ፣ በጠጠር፣ በሴራሚክና በመስታወቱ ገጽ ላይ ስስ የሚያሟልጭ ሽፋን ሠርተው ነው። አዲስ ገንዳ ሲቋቋም ሽፋኑ እስኪደራጅ ድረስ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። ለባክቴሪያ ሥራ የሚጨመር ቁስ የሚያበረክተው ታዲያ አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ባክቴሪያ የሚለጠፍበት ተጨማሪ ገጽ። ምግቡንም ሆነ ኦክስጅኑን ቁሱ ራሱ አያመጣም።

ስንት ገጽ ያስፈልጋል የሚለውን በስሌት ማየት ብዙ ግራ መጋባትን ያስቀራል። 100 ሊትር ውኃ የሚይዝ ገንዳ ውስጥ በቀን 1 ግራም ደረቅ የዓሣ ምግብ ይሰጣል እንበል፤ የምግቡ ፕሮቲን 40 በመቶ ከሆነ፣ በዓሣ እርባታ ዘንድ በሚሠራበት የስሌት ልማድ መሠረት ከዚህ ምግብ 37 ሚሊግራም ያህል የአሞኒያ ናይትሮጅን ይወጣል። በደንብ የተቋቋመ የባክቴሪያ ሽፋን ያለበት 1 ካሬ ሜትር ገጽ፣ አሞኒያው በጣም አነስተኛ በሆነበት ውኃ ውስጥ እንኳ፣ በቀን በአሥሮች ሚሊግራም የሚቆጠር አሞኒያ ሊለውጥ ይችላል። ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነቱ ገንዳ የሚያስፈልገው ገጽ ከ1 ካሬ ሜትር ብዙም የራቀ አይደለም፤ ይህን ያህሉን ደግሞ መጠኑ 1 ሊትር የሆነ አንድ ሸካራ የማጣሪያ ስፖንጅ ብቻውን ሊሰጥ ይችላል፤ የወለሉ ጠጠርና የመስታወቱ ገጽ ሳይቆጠር ማለት ነው። እኔ ከዚህ የምደርስበት ፍርድ ግልጽ ነው፦ ዓሣ ያልበዛበትና በልክ የሚመገብ የቤት ገንዳ የባክቴሪያ ማረፊያ እምብዛም አያጥረውም። ምግብ ወይም ዓሣ ሲጨመር ግን ስሌቱ አብሮ ስለሚያድግ፣ ዓሣ በተጨናነቀበት ገንዳ ውስጥ ተጨማሪ ገጽ በእርግጥ ዋጋ አለው።

ከገጽ ይልቅ ቶሎ የሚያጥረው ኦክስጅን ነው፤ እዚህ ላይ የባሕር ዳር ከፍታ የራሱ ድርሻ አለው። በባሕር ወለል ከፍታ ላይ 25 ዲግሪ ሙቀት ያለው ንጹሕ ውኃ በሊትር 8.3 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ሊይዝ ይችላል። የጣና ዳርቻ ግን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ በመሆኑ የአየሩ ግፊት ዝቅ ይላል፤ ያው ውኃ በዚህ ከፍታ የሚይዘው 6.7 ሚሊግራም አካባቢ ብቻ ነው። ባክቴሪያዎቹ 1 ሚሊግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ወደ ናይትሬት ለመለወጥ 4.6 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይፈጃሉ፤ ከላይ ያሰላነው 37 ሚሊግራም በቀን 170 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይጠይቃል ማለት ነው። ይህም እስከ ጣሪያው ኦክስጅን የጠገበ የ25 ሊትር ውኃ ሙሉ ድርሻ ነው፤ ዓሦቹ የሚተነፍሱትም ከዚሁ ከአንዱ ገንዳ ነው። በባሕር ጠረፍ ለሚገኙ አገሮች የተጻፈ መመሪያ ይዞ እዚህ ማጣሪያ የሚያዋቅር ሰው ይህን ልዩነት ማስላት ይኖርበታል።

በዚህ ምክንያት ቁስ ከመጨመር በፊት መለካት ያለበት ፍሰቱ ነው። በተለምዶ የሚመከረው ማጣሪያው የገንዳውን ውኃ በሰዓት ከ4 እስከ 6 ጊዜ እንዲያዞር ሲሆን፣ ለ100 ሊትር ገንዳ ከ400 እስከ 600 ሊትር በሰዓት ይሆናል። በፓምፑ ካርቶን ላይ የተጻፈው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ማጣሪያው ባዶ ሆኖ የተለካ ነው፤ ስፖንጅና ሴራሚክ ከገባበት በኋላ ግን ፍሰቱ ይቀንሳል፣ ቆሻሻ ሲይዝ ደግሞ ይብስበታል። ልኬቱ ቀላል ነው፦ ከማጣሪያው የሚወጣውን ውኃ በ1 ሊትር ጆግ ተቀብሎ ሰከንድ መቁጠር። ጆጉ ከ6 እስከ 9 ሰከንድ ባለው ጊዜ ከሞላ ፍሰቱ በተባለው ልክ ውስጥ ነው፤ 20 ሰከንድ ከፈጀ ግን በሰዓት 180 ሊትር ብቻ እያለፈ ስለሆነ፣ እንዲህ ባለው ማጣሪያ ላይ ሌላ ቁስ መጠቅጠቅ ችግሩን ያባብሰዋል። ተጠቅጥቆ የታነቀ ቁስ መካከሉ ኦክስጅን ያጣል፤ ውኃውም ቀላሉን መንገድ ፈልጎ በጎን በኩል ስለሚያልፍ ባክቴሪያዎቹ ሥራቸውን ሳይሠሩበት ወደ ገንዳው ይመለሳል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ባክቴሪያ ማረፊያ ነው። በዓይን የሚታየውን ደለልና ዐይነ ምድር የሚይዘው ሌላ ነው፤ እሱም ስፖንጅና ለትራስ መሙያ የሚሆነው ነጭ ፋይበር ነው። በእኔ አስተያየት ለአብዛኛው የቤት ገንዳ ብዙ ለውጥ የሚያመጣው ጭማሪ ይህ ነው፦ ውኃው መጀመሪያ በሸካራ ስፖንጅ፣ ቀጥሎም በጥቅጥቅ ፋይበር እንዲያልፍ አድርጎ ቆሻሻውን የባክቴሪያው ማረፊያ ላይ ሳይደርስ ማስቀረት። እንዲህ ሲደረግ የሴራሚኩ ወይም የድንጋዩ ቀዳዳዎች አይደፈኑም፣ ኦክስጅን ያለው ውኃም እስከ ውስጥ ይደርሳል። ፋይበሩ ሽቶና የማለስለሻ መድኃኒት ያልተነከረ መሆን አለበት፤ ከፍራሽ የተቆረጠ ስፖንጅ ደግሞ ቀዳዳው ጥቃቅን ስለሆነ ቶሎ ይደፈናል። ዋናው መታወቅ ያለበት ግን፣ በስፖንጅ የተያዘ ቆሻሻ ከውኃው ገና አልወጣም። ውኃው በየደቂቃው በላዩ ላይ እያለፈ ያጥበዋል፣ ቆሻሻውም እየበሰበሰ አሞኒያ ይሰጣል፤ ስለዚህ ፋይበሩ በሳምንት አንድ ጊዜ ካልታጠበ ወይም ካልተቀየረ መጨመሩ ትርጉም የለውም።

ውኃቸውን ከጣና በጀሪካን የሚቀዱ ሰዎች ሌላ ችግር ይገጥማቸዋል። በክረምት ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ከእርሻው ያጠቡትን አፈር ወደ ሐይቁ ያስገባሉ፤ ሐይቁም ጥልቀቱ በአማካይ 8 ሜትር አካባቢ ብቻ በመሆኑ ነፋስ ሲነሣ ደለሉ ይናወጣል። ይህ ሸክላማ ብናኝ በስፖንጅ ፈጽሞ አይያዝም፣ በፋይበርም የሚያዘው ከፊሉ ነው። ማጣሪያውን ከማሰቃየት ውኃውን በባልዲ አስቀምጦ እንዲጠል ማድረግና ከላይ ከላይ መቅዳት ይሻላል። የሐይቅ ውኃ የዓሣ በሽታና ጥገኛ ተሕዋስያንን ይዞ ሊመጣ ስለሚችል ግን የቧንቧ ውኃ ለሚያገኝ ሰው አልመክረውም።

ለባክቴሪያ ማረፊያነት በእርግጥ ተጨማሪ ገጽ የሚፈልግ ገንዳ ካለ፣ ከውጭ የሚገባው የሴራሚክ ቀለበት ብቸኛው አማራጭ አይደለም። ከጣና በስተ ደቡብ ያለው አገር በእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሸፈነ ነው፤ ከዚህም መካከል ስኮሪያ የሚባለው ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ቀይ ወይም ጥቁር ድንጋይ ለዚህ ሥራ በጣም ይስማማል። ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ተደርጎ ይሰበርና ውኃው እስኪጠራ ድረስ ደጋግሞ ታጥቦ፣ ተቀቅሎ፣ ሽንኩርት በሚሸጥበት የፕላስቲክ መረብ ተቋጥሮ ከስፖንጁና ከፋይበሩ ቀጥሎ ይቀመጣል። ከመጠቀም በፊት ጥቂት አቼቶ ጠብ አድርጎ ማየት ተገቢ ነው፤ ድንጋዩ ከፈላ በውስጡ የኖራ ዘር ስላለበት የውኃውን ፒኤች ከፍ ያደርጋል። ከመንገድ ዳር ወይም ከጋራዥ አካባቢ የተለቀመ ድንጋይ ዘይትና ነዳጅ ሊኖርበት ስለሚችል አይወሰድም።

አሁን ወደ አክቲቬትድ ካርቦን፣ ማለትም ገጹ እንዲሰፋ ተደርጎ ወደ ተዘጋጀው ከሰል እንምጣ፤ ስለዚህ ቁስ ያለው የተሳሳተ ግንዛቤ ብዙ ነው። አንድ ግራሙ በውስጥ ቀዳዳዎቹ ከ500 እስከ 1,500 ካሬ ሜትር የሚደርስ ገጽ አለው፤ ይህን ቁጥር ያየ ሰው ከስፖንጅ ይልቅ ለባክቴሪያ የተመቸ ይመስለዋል። ቀዳዳዎቹ ግን በናኖ ሜትር የሚለኩ ስለሆኑ፣ አካሉ 1 ማይክሮ ሜትር ገደማ የሆነ ባክቴሪያ ሊገባባቸው አይችልም። ይህ ገጽ የሚጠቅመው ለሟሟ ኬሚካል ነው፦ ከእንጨት የሚወጣ ቡናማ ቀለም፣ ሽታ፣ ክሎሪን፣ እንዲሁም ሕክምና ካለቀ በኋላ በውኃው የቀረ መድኃኒት በላዩ ይለጠፋል። አሞኒያን፣ ናይትራይትንና ናይትሬትን በሚጠቅም መጠን አይይዝም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ስለሚጠግብ ይቀየራል፤ ዓሣ በመድኃኒት እየታከመ ሳለ ደግሞ መድኃኒቱን ስለሚወስደው ከማጣሪያው ይወጣል። ለምድጃ የሚሆነው ከሰል ምትክ ሊሆን አይችልም፤ እንደ አክቲቬትድ ካርቦን ገጹ እንዲሰፋ ተደርጎ አልተዘጋጀም፣ አመዱም የውኃውን ፒኤች ከፍ ያደርጋል። ፒኤች ከፍ ሲል ደግሞ፣ ቀደም ብለን እንዳየነው፣ የአሞኒያው መርዛማ ድርሻ ያድጋል፤ ውኃ ለማጥራት የገባው ከሰል ዓሣውን ለከፋ አደጋ ያጋልጣል።

አሞኒያን በቀጥታ የሚይዘው ዚዮላይት የሚባለው ማዕድን ነው። በውስጡ ያለውን ሶዲየም ለቅቆ አሞኒየምን ይይዛል፤ ስለዚህም ለድንገተኛ ችግር፣ ለምሳሌ ባክቴሪያው በሞተበት ገንዳ ላይ፣ ዓሦችን ሊያተርፍ ይችላል። ሁለት ነገሮች ግን መዘንጋት የለባቸውም። አንደኛ፣ ዚዮላይት ባለበት ገንዳ ውስጥ ለሕክምና ተብሎ ጨው ከተጨመረ ልውውጡ ወደ ኋላ ይዞርና የተያዘው አሞኒያ በአንድ ጊዜ ወደ ውኃው ይለቀቃል። ሁለተኛ፣ በአዲስ ገንዳ ላይ በቋሚነት ሲቀመጥ የባክቴሪያውን ምግብ ስለሚሻማ የባክቴሪያው መቋቋም ይዘገያል፤ ዚዮላይቱ የጠገበ ዕለት ገንዳው ያለ ጠባቂ ይቀራል።

ቁስ የማይፈታው ትልቁ ጉዳይ ናይትሬት ነው። ከላይ የተጠቀሰው ገንዳ በቀን የሚያወጣው 37 ሚሊግራም ናይትሮጅን ሙሉ በሙሉ ወደ ናይትሬት ቢለወጥ 164 ሚሊግራም ናይትሬት ይሆናል፤ ይህም በእያንዳንዱ ሊትር ላይ በቀን 1.6፣ በወር ደግሞ 49 ሚሊግራም ገደማ መጨመር ነው። ብዙ አሳዳጊዎች ከ40፣ ቢቻል ከ20 ሚሊግራም በታች እንዲሆን ይመክራሉ። ማጣሪያው የቱንም ያህል ቢያድግ ይህን ቁጥር አይቀንሰውም፤ እንዲያውም ጎበዝ ማጣሪያ አሞኒያውን አንድም ሳያስቀር ወደ ናይትሬት ያሻግረዋል። በየሳምንቱ 30 በመቶ ውኃ ቢቀየር ናይትሬቱ ከ38 ሚሊግራም አካባቢ አያልፍም፤ 50 በመቶ ቢቀየር ደግሞ ከ23 ገደማ። ፈጥነው የሚያድጉ የውኃ ተክሎችም ናይትሮጅኑን ለዕድገታቸው ስለሚወስዱ ያግዛሉ፤ በጣና ዳር የበቀለው ደንገል ከእርሻ የሚመጣውን ውኃ ሲቀበል የሚሠራው ሥራም ይኸው ነው። እምቦጭ በዚህ በኩል ኃይለኛ ቢሆንም፣ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጣናን የወረረ አረም በመሆኑ በማንኛውም ምክንያት ወደ ቤት ሊገባ አይገባም።

ባክቴሪያዎቹ አሞኒያ ሲለውጡ ከውኃው የሚወስዱት ኦክስጅን ብቻ አይደለም፤ ፒኤችን አጽንቶ የሚይዘውን ባይካርቦኔትም ይፈጃሉ። በምሳሌያችን ገንዳ ይህ ፍጆታ በካልሲየም ካርቦኔት (በእብነ በረድ ዋና ንጥረ ነገር) ሲመነዘር በወር ከእያንዳንዱ ሊትር 79 ሚሊግራም ገደማ ነው። ውኃ ሳይቀየር የተነነውን ብቻ እየተኩ ወራት ካለፉ ፒኤቹ ይወርዳል፤ ከ6 በታች ሲሆን ደግሞ ባክቴሪያዎቹ ሥራቸውን እጅግ ይቀንሳሉ። የእብነ በረድ ስባሪ በመረብ ቋጥሮ በማጣሪያው ውስጥ ማስቀመጥ የሚጠቅመው በዚህ ጊዜ ነው፤ ቀስ እያለ ይሟሟና ፒኤቹን ይደግፋል። አሞኒያው ከፍ ብሎ በተገኘ ቀን ግን ፒኤችን በድንገት ከፍ ማድረግ አደገኛ ስለሆነ አስቀድሞ ውኃ በመቀየር አሞኒያውን ማውረድ ያስፈልጋል።

ስለ እጥበት አንድ ጥብቅ ነገር አለ። የባክቴሪያ ማረፊያ የሆነ ስፖንጅ፣ ሴራሚክ ወይም ድንጋይ ክሎሪን ባለበት የቧንቧ ውኃ አይታጠብም፤ ከገንዳው በተቀዳ ውኃ በባልዲ ውስጥ ጭምቅ ጭምቅ ማድረግ ይበቃል። ለገንዳው የሚተካው የቧንቧ ውኃም በሰፊ ዕቃ ሆኖ፣ ቢቻል በአየር ፓምፕ እየተናጠ፣ ለ24 ሰዓት ቢቀመጥ ክሎሪኑ በአብዛኛው ይተናል። ለመጠጥ ውኃ ማከሚያ የሚሸጠው ውኃ አጋር ራሱ ክሎሪን ስለሆነ፣ ውኃውን ለማንጻት በሚል ወደ ዓሣ ገንዳ ፈጽሞ አይጨመርም።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ቁስ በበዛ ቁጥር አደጋው ይበዛል። በተዘጋ ማጣሪያ ውስጥ ያለው የባክቴሪያ ብዛት ቆሞ የቀረውን ውኃ ኦክስጅን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ጨርሶ መሞት ይጀምራል፤ መብራቱ ሲመጣም ያ የበሰበሰ ውኃ በቀጥታ ወደ ዓሦቹ ይገፋል። መብራቱ የጠፋው ለብዙ ሰዓታት ከሆነ ማጣሪያውን ከፍቶ ውኃውን መድፋት፣ ቁሱንም በገንዳው ውኃ አለቅልቆ መመለስ ያስፈልጋል፤ የሚቆይ መሆኑ ከታወቀ ስፖንጁንና ድንጋዩን አውጥቶ በገንዳው ውስጥ ማቆየት ይሻላል። በዚያ ጊዜ ዓሦቹን አለመመገብ ይሻላል፤ በጆግ ውኃ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማንቆርቆርም ኦክስጅን ይጨምራል። በአየር ፓምፕ የሚሠራውን ተራ የስፖንጅ ማጣሪያ ለባሕር ዳር ቤቶች አስቀድሜ የምመርጠው ለዚህ ነው፤ ስፖንጁ ያለው በገንዳው ውስጥ ስለሆነ ፓምፑ ቢቆምም ዙሪያውን ውኃ ያገኛል፣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ አየር ፓምፕም ያስነሣዋል።

ጭማሪው አስፈላጊ ሆኖ ከተገኘ አዲሱ ቁስ ከአሮጌው ጎን ቢያንስ ለ4 ሳምንት አብሮ ይቀመጥና ከዚያ በኋላ ብቻ አሮጌው ከፊል በከፊል ይነሣል። አሞኒያና ናይትራይት መለኪያ የሚያገኝ ሰው በዚህ ጊዜ ውስጥ በየጥቂት ቀኑ ቢለካ፣ ሁለቱም ወደ ዜሮ የተጠጉ ሆነው ከቀጠሉ ማጣሪያው ሥራውን እየሠራ ነው፤ ከፍ ካሉም ምግብ መቀነስና ውኃ መቀየር ይቀድማል። ከገንዳው የሚወጣው ውኃ ናይትሮጅን ስላለበት ለጓሮ አትክልት ጥሩ ማዳበሪያ ነው፤ ያረጀው ቁስም ታጥቦ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይወገዳል። ውኃውም፣ ቁሱም፣ ተክሉም፣ የታከተን ዓሣም ወደ ጣና ወይም ወደ ዓባይ መጣል የለበትም፤ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ 15 ገደማ ላቢዮባርበስ የሚባል ዓሣ ዝርያዎች የሚኖሩት በዚህ ሐይቅ ብቻ ስለሆነ፣ ከሳሎን የሚወጣ እንግዳ ዓሣ ወይም የእርሱ በሽታ ቢመጣባቸው ሌላ መሸሻ የላቸውም።